ሞተር በአንድ ሌሊት አይቃጠልም

ሰሞኑን በመሃል አዲስ አበባ የሕንፃ ጥገና ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ለሕንፃ ባለቤቶች ምክር የሚሰጡ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ግልጽ ነው፤ ሐሳባቸውም ቅን ነው። ግን የሊፍት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ለምን እንደሚቃጠሉ ከጻፉት ውስጥ አብዛኛው ልክ አይደለም። ባለቤቶች ይህን አምነው ገንዘብ ሲያፈሱ ዝም ብሎ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ ስድስት ነገር ይላል። ሞተር የሚቃጠለው መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው፤ ጥፋቱም የመብራት ኃይል ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሙቀት አያሳስብም። ለመጠባበቂያ የቆመ ጄኔሬተር ስለማይሠራ አያረጅም። በዓመት አንዴ በሜገር (በኢንሱሌሽን መለኪያ መሣሪያ) ለክቶ ጥሩ ንባብ ያገኘ ሰው ሐሳብ አይግባው። የኃይል ማመንጫዎቹ እነ ቆቃ ለአሥርት ዓመታት ስለሠሩ የኢንሱሌሽን እርጅና የሚባለው የሻጭ ማስፈራሪያ ነው። አንዴ የተቃጠለ ሞተር ደግሞ በአዲስ ሽቦ ተጠምጥሞም አይሆንም፤ መጣል ነው።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ኢንሱሌሽን ምን እንደሆነ ልናገር። ሞተር ውስጥ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ (ጥቅልል) አለ፣ ብረት አለ። በመዳብና በመዳብ፣ በመዳብና በብረት መካከል ደግሞ ኤሌክትሪኩ ያለ ቦታው እንዳይሻገር የሚያግድ ስስ ሽፋን አለ። ሕንፃ ውስጥ በምናያቸው ሞተሮች ይህ ሽፋን በሽቦው ላይ የተቀባ ኢናሜል፣ ብረቱ ጎድጓዳ ውስጥ የገባ ወረቀት መሰል ነገርና ሁሉንም አጣብቆ የሚይዝ ቫርኒሽ ነው። መዳብና ብረት ብዙ ዘመን ይኖራሉ። ቀድሞ የሚያረጀው ሽፋኑ ነው። የሚያስረጁት ሙቀት፣ ቮልቴጅ፣ እርጥበትና አቧራ፣ እንዲሁም ንዝረት ናቸው። አንዱ ብቻውን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ንዝረት ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፤ በመጨረሻ ቮልቴጁ ያልፋል። እኛ የምናየው ያቺን የመጨረሻዋን ጭስ ብቻ ነው።

የመብራት ኃይል ጥፋት ነው ስለሚለው

ይህ የጽሑፉ ዋና ክርክር ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ኃይል ይቆራረጣል። አንዳንዴም ከሦስቱ ፌዝ (ኃይል አምጪ መስመሮች) አንዱ ብቻ ይጠፋል። ሞተሩ በሁለት ፌዝ ሲቀር ያጉረመርማል፣ ከመጠን በላይ ይስባል፣ ይግላል። መከላከያ ከሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል። ይህን የሚክድ የለም።

ግን እንዲህ የተቃጠለ ሞተር ሲከፈት ይታወቃል። በስታር (የሦስቱ ጥቅልሎች ጫፍ አንድ ላይ ተገናኝቶ) የታሰረ ሞተር አንድ ፌዝ አጥቶ ከተቃጠለ፣ የሁለቱ ፌዝ ጥቅልሎች ከስለው የሦስተኛው ንጹህ ሆኖ ይገኛል። በዴልታ (ጥቅልሎቹ ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ከታሰረ ደግሞ የአንዱ ፌዝ ይከስላል፤ የሁለቱ ይተርፋል። ዙሪያውን እኩል ከጠቆረ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይ ማራገቢያው ታፍኗል፣ ወይ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ እየቆመ ሠርቷል። አንዲት ቦታ ብቻ ቀልጣ ሌላው አዲስ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ እዚያች ቦታ ላይ ተበስቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ሞተሩን ሳያስከፍት ለቆራሌው ሲሸጠው ማስረጃውን አብሮ ይሸጣል። ከዚያ ያንኑ ዓይነት ሞተር ገዝቶ እዚያው ቦታ ያስራል። በዓመቱ እንደገና ይቃጠላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጸሐፊው። ካዛንቺስ አንድ መስመር ላይ ያሉ ሕንፃዎች ሁሉ መብራት የሚሄድባቸው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ የሚመጣላቸውም በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ታዲያ የአንዱ ፓምፕ ተቃጥሎ የሌሎቹ ለምን ተረፉ?

ኃይል ሲመለስ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ ከረንት ይስባል። በጥቅልሎቹ ጫፍ ላይ የሚያርፈው የመግነጢስ ጉልበት ደግሞ በከረንቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ከረንቱ ስድስት እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ ሠላሳ ስድስት እጥፍ ነው ማለት ነው። ጥቅልሉ ይወዛወዛል። ጤነኛ ቫርኒሽ አጣብቆ ይይዘዋል። የደረቀና የተሰነጠቀ ቫርኒሽ አይችልም። በዚያች ሰከንድ ሞተሩ ይሞታል፤ ጥፋተኛው መብራት ኃይል ይባላል። ሞተሩ ግን ሲያረጅ ከርሟል።

የፌዞች ቮልቴጅ መዛባትም አለ። ጸሐፊው ይህንንም ሙሉ ለሙሉ ለመብራት ኃይል ሰጥተውታል። እስቲ የሕንፃውን ፓኔል ከፍተን እንይ። ሆቴል ከሆነ ማዕድ ቤት ውስጥ ምጣዶች አሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ የሚስበውም ከአንድ ፌዝ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ለሥራ ስለቀለለው ሦስቱንም ምጣድ አንድ ፌዝ ላይ ካሰራቸው መዛባቱ የመጣው ከውስጥ ነው። በተለይ ሕንፃው በራሱ ጄኔሬተር ሲሠራ ይህ ጎልቶ ይታያል። ሦስቱ ፌዝ 390፣ 380 እና 365 ቮልት ቢያነቡ አማካዩ 378 ነው። ከአማካዩ በጣም የራቀው በ13 ቮልት፣ ማለትም በ3.5 በመቶ ያህል ይርቃል። ትንሽ ይመስላል። በሞተሩ ሙቀት ጭማሪ ላይ ግን ወደ 25 በመቶ ይጨምራል። የፌዝ ማጣት ጠባቂ ሪሌይና ኃይል ሲመለስ የሚያዘገይ ታይመር ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ኢምንት ነው። ጽሑፉ ስለ ሁለቱም አንድ ቃል አለማንሳቱ ቅር አሰኝቶኛል።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ስለሚለው

አዎ፣ ቀዝቃዛ ናት። ግን ከፍታዋ ወደ 2,350 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ሞተር ደግሞ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው።

መደበኛ ሞተር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ታስቦ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ 100 ሜትር፣ ከተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ (ጥቅልሉ ከአካባቢው አየር በላይ የሚሞቀው) 1 በመቶ ያህል የአካባቢው አየር ሙቀት እንዲቀንስ ይጠይቃል። ለአዲስ አበባ ይህ 13.5 በመቶ ይሆናል። ጭማሪው እስከ 105 ዲግሪ የተፈቀደለትን የክላስ ኤፍ ሞተር እንውሰድ፤ ክላስ የሽፋኑ የሙቀት ደረጃ ነው። ቅናሹ 14 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ ጭነቱን እንዲይዝ በዙሪያው ያለው አየር ከ26 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ውጭ ሜዳ ላይ ይህ ይሟላል። የከተማዋ ብርድ የሚጠቅመን ከፍታው የወሰደብንን ለመመለስ ያህል ነው። ትርፍ የለውም።

ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ አካባቢ ብዙ ጄኔሬተር ያለው ግን ሜዳ ላይ አይደለም፤ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ከራዲያተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር መውጫው ጠቦ ወይ ታፍኖ ተመልሶ ይገባል። ክፍሉ በቀላሉ 40 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ የ14 ዲግሪው ዕዳ በሙሉ ጥቅልሉ ላይ ያርፋል።

ጸሐፊው ክላስ ኤፍ 155 ዲግሪ ይችላል፣ ክላስ ኤች 180 ዲግሪ ይችላል ብለዋል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ይችላል ማለት ግን ለስንት ጊዜ? እነዚህ ቁጥሮች በልምድ የተሰሉት 20,000 ሰዓት ገደማ ዕድሜን ታሳቢ አድርገው ነው። ያለማቋረጥ ቢሠራ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አካባቢ ነው። የጥገና ሰው የሚጠቀምበት ስሌት ደግሞ ቀላል ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። የዚህ ስሌት መሠረት መሐንዲሱ ሞንትሲንገር በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ትራንስፎርመር ያሳተሙት ሥራ ነው። ተመራማሪው ዳኪን ደግሞ በ1948 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት ጋር አያያዙት። ስሌቱ ግምት ነው፤ ግን አቅጣጫው አይሳሳትም። ጥሩ አምራቾች የክላስ ኤፍ ሽፋን አልብሰው ሞተሩን ዝቅ ባለው በክላስ ቢ ሙቀት እንዲሠራ የሚነድፉትም ለዚህ ነው። 155 የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ጠርዝ ላይ እየኖርን ሙቀት አያሳስብም ማለት አንችልም።

የቆመ ጄኔሬተር አያረጅም ስለሚለው

ቆሞም ያረጃል። ሐምሌና ነሐሴን አስቡ። ቤዝመንቱ ይረጥባል። ማታ ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ጥቅልሉ ላይ ጤዛ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የናፍጣ ጥላሸትና የሲሚንቶ ብናኝ አለ። መሃል ከተማዋ በኮሪደር ልማትና በሕንፃ ግንባታ ስትቆፈር የከረመች ናት፤ አቧራው በየማራገቢያው ገብቷል። ደረቅ አቧራ ብዙ አይጎዳም። የረጠበ አቧራ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ለዚህ ተብሎ ትልልቅ ጄኔሬተሮች ውስጥ ትንሽ ሂተር አለ። ማሽኑ ቆሞ ሳለ ጥቅልሉን ከአካባቢው አየር ጥቂት ዲግሪ አስበልጦ በማሞቅ ጤዛ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ብዙ ቦታ ይህ ሂተር ከነመኖሩ አይታወቅም፤ ወይ ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ተነቅሏል። በሳምንት አንዴ ያለ ጭነት አሥር ደቂቃ ማስነሣትም አይተካውም። በዚያች ጊዜ ጥቅልሉ እርጥበቱን ለማባረር የሚበቃ ሙቀት አያገኝም።

ስታንድባይ (መጠባበቂያ) ተብሎ የተሸጠ ጄኔሬተር ሌላም ነገር አለው። ስያሜው ላይ ያለው ኪሎቮልት አምፒር (የኃይል መጠኑ) የተሰጠው በዓመት ጥቂት ሰዓት ይሠራል ተብሎ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ ለድንገተኛ መጠባበቂያ የተቀመጠው ወሰን በዓመት 200 ሰዓት ነው፤ አማካይ ጭነቱም ከ70 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በምላሹ ጥቅልሉ ከመደበኛው በላይ እንዲሞቅ ይፈቀድለታል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ኃይል በፈረቃ መሰጠት ሲጀምር የሆነውን እናስታውስ። በቀን አምስት ሰዓት የሠራ ጄኔሬተር 200 ሰዓቱን በ40 ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ በዚያ ጭነት የሚሠራው እያንዳንዱ ሰዓት ዕድሜውን ያሳጥራል። ግዢ ላይ ስታንድባይና ፕራይም (ለዘወትር ሥራ) የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሜገር ይበቃል ስለሚለው

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሰው ለክቶ አረጋገጥኩ ብሎ እንዲዘናጋ ያደርጋል።

ሜገር በጥቅልሉና በሞተሩ አካል መካከል ዲሲ ቮልቴጅ ይለቅና የሚያመልጠውን ይለካል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም ያለ እሱ አልሠራም። ግን የሚለካው አጥሩን ነው፤ ግቢ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ አያይም። የአንድ ጥቅልል ዙሮች በሙሉ በመዳብ የተያያዙ ናቸው። ሜገር ሁሉንም እኩል ቮልቴጅ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በአንዱ ዙርና በጎረቤቱ መካከል ያለው ኢናሜል ቢላጥ እንኳ ሜገሩ ምንም አይልም። ብዙ ሞተር ደግሞ መሞት የሚጀምረው እዚያው ነው። ሁለት ዙሮች ይነካካሉ፤ በመካከላቸው ከፍተኛ ከረንት ይዞራል፤ ያቺ ቦታ ቀልጣ ወደ ብረቱ ትደርሳለች። ሜገር የሚነግረን መጨረሻው ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያሳየው አጫጭር የቮልቴጅ ምት ወደ ጥቅልሉ የሚልከው የሰርጅ ምርመራ ነው።

በኢንቨርተር የሚሠሩ ሞተሮች ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። ዘመናዊ ሊፍቶችና ፓምፖች አሁን በቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር ኢንቨርተር) ነው የሚነዱት። ቪኤፍዲ 400 ቮልቱን ወደ 565 ቮልት ዲሲ ይለውጥና በሰከንድ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ይልከዋል። እያንዳንዱ ምት ከአንድ ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከዜሮ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ኬብሉ ረጅም ከሆነ ምቱ ሞተሩ ደጃፍ ላይ ተንጸባርቆ እስከ እጥፍ፣ ማለትም እስከ 1,130 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ዱላው በይበልጥ የሚያርፈው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ነው። መሃል ከተማ ብዙ ሕንፃ የራሱ የጉድጓድ ውሃ አለው። ፓምፑ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ ይቀመጣል፤ ቪኤፍዲው ፓኔል ቤት ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ኬብል ማለት ነው። ያለ ማጣሪያ ፊልተር እንዲህ የታሰረ ፓምፕ ዕድሜው ቢያጥር አይገርምም። ሜገሩ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጥሩ ሊያነብ ይችላል።

ሜገር በሌላ በኩልም ያሳስታል። በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ ሽፋን እርጥበት ስለሌለው አንዳንዴ በጣም ቆንጆ ንባብ ይሰጣል። በተቃራኒው በክረምት ጠዋት የተለካ ጤነኛ ሞተር ንባቡ ይወርዳል፤ ሲጸዳና ሲደርቅ ይመለሳል። በዚያ ንባብ ብቻ ተቃጥሏል ተብሎ የሚጣል ሞተር አለ።

ታዲያ በምን እንመን? በአንድ ቁጥር አይደለም። ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ንባብ ከ1,000 ቮልት በታች ለሆኑ ተራ ሞተሮች 5 ሜጋኦም (የሽፋኑ የማገድ አቅም መለኪያ) ነው። ቅርጽ በወጣለት ጥቅልል ለተሠሩ ዘመናዊ ትልልቅ ማሽኖች 100 ሜጋኦም ነው። ሁለቱም በ40 ዲግሪ ይሰላሉ፤ ጥቅልሉ ሲሞቅ ንባቡ ስለሚወርድ ሙቀቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ብዙ ዋጋ የለውም። ከዚያ ይልቅ ንባቡን በአንደኛው ደቂቃና በአሥረኛው ደቂቃ ወስዶ የአሥረኛውን ለአንደኛው ማካፈል ይሻላል። ለክላስ ቢ፣ ኤፍና ኤች ውጤቱ 2 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ወይ ርጥብ ነው፣ ወይ ቆሻሻ ነው። የአንደኛው ደቂቃ ንባብ ራሱ ከ5,000 ሜጋኦም በላይ ከሆነ ግን ይህ ስሌት ብዙ አይናገርም። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መዝገቡ ነው። ካቻምና 2,000፣ አምና 700፣ ዘንድሮ 150 ሜጋኦም ያነበበ ሞተር አሁንም ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ነው። በጽሑፉ ምክር ያልፋል። ለእኔ ግን ይህ ሞተር አሁኑኑ መታየት አለበት።

ቆቃ አላረጀም ስለሚለው

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ማመንጫ ነው። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ደግ ነው። ግን የቆቃ ዓይነት ጄኔሬተርና የፎቁ ፓምፕ ሽፋናቸው አንድ አይደለም። ከአሥር ሺህ ቮልት አካባቢ በላይ የሚያመነጩ ማሽኖች ዋና ሽፋናቸው ሚካ ነው። ሚካ ማዕድን ነው። በሽፋኑ ውስጥ በቀሩ ክፍተቶች የሚፈነጥቁትን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ብልጭታዎች ለዓመታት ይቋቋማል። ኢናሜል በተመሳሳይ ሁኔታ ቶሎ ያልቃል።

ሚካውን የሚያጣብቀው ሙጫ ግን ያረጃል። በድሮዎቹ ማሽኖች ሙጫው አስፋልት መሰል ነገር ነበር፤ በኋላ ፖሊስተርና ኢፖክሲ ተኩት። ማሽኑ ሲጫን መዳቡ ይግላል፤ ይረዝማል። ሁለት ሜትር የሆነ የመዳብ ዘንግ በ60 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ዙሪያው ያለው ብረት እንደዚያ አይረዝምም። ጭነቱ ሲቀንስ መዳቡ ይመለሳል። ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም ሽፋኑ ከመዳቡ ይላቀቃል፤ ክፍተት ይፈጠራል፤ ብልጭታው ይጀምራል። ብልጭታው ኦዞንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጣል፤ ኦክሳይዱ እርጥበት ሲያገኝ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጭነት የሚሠራ ማሽን፣ በቀን ብዙ ጊዜ ከሚነሣና ከሚቆም ማሽን ይልቅ ዕድሜ አለው። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሳሳ ብልጭታው በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይነሣል። በደጋ ከተሞች 6,600 ወይም 11,000 ቮልት ሞተር የሚያዝ ፋብሪካ ይህን ለአምራቹ ቀድሞ መንገር አለበት።

የትልቅ ማመንጫ ጄኔሬተር ሌላም ጥበቃ አለው። ጥቅልሉ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተቀብሮለታል፤ ቀን ከሌት በፈረቃ የሚያየው ሰው አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 13 ዩኒቶች አሉት። በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ላይ የመጀመሪያው ዓመት ንባብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሚመጣው መሐንዲስ ማነጻጸሪያ ይሆናል። እርጅና የሻጭ ወሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም ነበር።

የተቃጠለ ሞተር ይጣል ስለሚለው

ለትንንሽ ሞተሮች እስማማለሁ። ለትልልቆቹ ግን አልስማማም። በ2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የብሪታንያ የጥገና ማኅበራት አብረው ባወጡት ጥናት፣ በሥርዓት የተጠመጠመ ሞተር ብቃቱን እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ቁልፉ በሥርዓት የሚለው ነው። አሮጌው ጥቅልል እንዲወጣ ሞተሩን ሜዳ ላይ በእሳት መለብለብ ሥርዓት አይደለም። ብረቱ በስስ ዝርግ ቆርቆሮዎች የተደረደረ ነው፤ በቆርቆሮዎቹም መካከል ሽፋን አለ። ከ360 እና 370 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ያ ሽፋን ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ራሱ ይግላል፤ አዲሱን ጥቅልልም ከሥር ያበስለዋል። ጸሐፊው ያዩዋቸው ተጠምጥመው ቶሎ የተቃጠሉ ሞተሮች እንዲህ የተሠሩ ይመስለኛል።

ስለዚህ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ሞተር ሲሰጥ ጥቂት ነገር መጠየቅ ነው። አሮጌው ሽቦ የሚወጣው በምን ነው? ሙቀቱ የሚቆጣጠር ምድጃ አለ ወይ? የሽቦው ውፍረትና የዙሩ ብዛት እንደነበረው ይመለሳል ወይ? ወረቀቱና ቫርኒሹ ስንት ዲግሪ የሚችሉ ናቸው? ቫርኒሹ በምድጃ ይጋገራል ወይስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል? ፀሐይ ላይ መስጣት አይበቃም፤ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። ሞተሩን ሲረከቡም እዚያው ጠምጣሚው ፊት ያስለኩ። የአንደኛውንና የአሥረኛውን ደቂቃ ንባብ፣ የጥቅልሉን ሙቀትና ቀኑን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፉ።